ከጋብቻ በኋላ የስም ለውጥ፦ በአሜሪካ ለሚጋቡ ኢትዮጵያውያን የአፈጻጸም መመሪያ

በአሜሪካ ያገባች ሴት የባሏን ስም መያዟ ሕግ የጣለባት ግዴታ ሳይሆን ከእንግሊዝ አገር ልማድ የተወረሰ ምርጫ ነው። ይሁንና ልማዱ ለረጅም ዘመን እንደ ሕግ ሲሠራበት ስለ ኖረ ከእርሱ መውጣት ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1855 አግብታ የአባቷን ስም እንደያዘች የቀረችው የሴቶች መብት ተሟጋች ሉሲ ስቶን በ1879 በማሳቹሴትስ ለትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ስትመዘገብ፣ የባሏን ስም አልጠቀምም በማለቷ ስሟ ከመራጮች መዝገብ ተሰርዟል፤ አላባማ ያገቡ ሴቶች መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት በባላቸው ስም ብቻ እንዲሆን ያስገድድበት የነበረው ደንብም በ1972 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ ሳይነካ አልፏል። የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ያገባች ሴት በራሷ ስም ለመራጭነት መመዝገብ እንደምትችል የወሰነው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ለተጋቢዎቹ ፈቃድ የተተወ ነው። ልማዱ ግን ገና አልደከመም፤ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው ውጤት መሠረት ወንድ ካገቡ ሴቶች መካከል 79 በመቶው የባላቸውን ስም የወሰዱ ሲሆን የራሳቸውን እንደያዙ የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

በዚህ አገር ጋብቻዋን ለምትፈጽም ኢትዮጵያዊት ታዲያ ከሥራ ባልደረቦቿም ሆነ ከመሥሪያ ቤቶች የስም ጥያቄ መቅረቡ የማይቀር ነው። ጥያቄው ለአሜሪካዊቱ ሙሽራ አንድ ቅጽ የመሙላት ጉዳይ ሲሆን ለኢትዮጵያዊቱ ግን ሁለት የማይገጣጠሙ የስም ሥርዓቶችን የማስታረቅ ሥራ ስለሆነ፣ ቅጹ ላይ ከመድረሷ በፊት መረዳት የሚገባት ነገር አለ።

የሚወሰደው ስም የማን ነው?

በተለምዶ «ላስት ኔም» የሚባለው ስም በአሜሪካ ሥርዓት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍልና በሌሎችም ብዙ አካባቢዎች የሚሠራበት ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ የማይለወጥ መጠሪያ የለውም፤ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ የግል ስም፣ ከዚያም የአያቱ የግል ስም ሲሆን፣ ትውልድ ባለፈ ቁጥር ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት ወደፊት ይሄዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ደንግጎ የአውሮፓውን ሥርዓት ለማስገባት ቢሞክርም፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ክፍል በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሳይሰድ ቀርቷል። ያው ሕግ ግን ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች እንደምትቀጥል መደንገጉ ከአገሬው ልማድ ጋር የገጠመ ነበር፤ ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ «ወይዘሪት» የሚለው ማዕረግ ወደ «ወይዘሮ» ይለወጣል እንጂ የአባቷ ስም ከቦታው አይነቃነቅም። በአንዳንድ አካባቢዎች አማት ለምራቷ አዲስ የመጠሪያ ስም የምታወጣበት ልማድ አለ፤ ይህም ቢሆን የሙሽራዪቱን የግል ስም በአዲሱ ቤት ውስጥ የሚተካ እንጂ አባቷን የሚነካ አይደለም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሰላም ታደሰ በቀለ የምትባል ሙሽራ ዳዊት ከበደ ወልዴ የሚባል ሙሽራ ብታገባና፣ ዳዊት በአሜሪካ ሰነዶቹ ላይ በ«ላስት ኔም» ቦታ «ከበደ» የሚለውን አስመዝግቦ ቢሆን፣ የእርሱን ስም የወሰደችው ሙሽራ «ሰላም ከበደ» ትሆናለች። ስሙን የሚያነብ አሜሪካዊ የዳዊት ሚስት መሆኗን ሲረዳ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን የከበደ ልጅ፣ ማለትም የባሏ እኅት አድርጎ ያነባታል። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ብዙ ጊዜ የባለቤቱና የአባቱ ስም አንድ ላይ፣ የአያቱ ስም ደግሞ «ሰርኔም» በተባለው ቦታ ስለሚሰፍር፣ በዚያው ፓስፖርት ቪዛ ተመቶለት የገባ ሙሽራ በአሜሪካ «ላስት ኔሙ» የአያቱ ስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሙሽራዪቱ የምትወስደው የባሏን አያት፣ ምናልባትም በሕይወት ሳሉ አይታቸው የማታውቃቸውን የአቶ ወልዴን ስም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ቅጽ የማይጠይቅ ነው፤ ተጋቢዎቹ የሁለቱንም ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጎን ለጎን ዘርግተው በእያንዳንዱ ላይ በመጨረሻው ስም ቦታ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ፣ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈም ማወቅ ይኖርባቸዋል። ታደሰ የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ ላይ በድርብ «ኤስ»፣ በሌላው ላይ በነጠላ «ኤስ» ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ሲሆን፣ ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ምርጫው በአራት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው ስምን እንዳለ መተው ነው። ሁለተኛው የአባትን ስም ጥሎ የባልን ስም መውሰድ ሲሆን፣ ይህ በአሜሪካ በኩል ቀላሉ፣ በኢትዮጵያ በኩል ግን ከባዱ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ሴት የማን ልጅ መሆኗን በአንድ እይታ የሚያሳየውን ምልክት ያጠፋል። ሦስተኛው ሁለቱን ስሞች በጭረት ማያያዝ ነው፤ ይህም ለዓይን ፍትሐዊ ቢመስልም የአየር መንገድና የባንክ ኮምፒዩተሮች ጭረቱን አንዴ ሲጥሉት፣ አንዴ ስሞቹን ሲያጣብቋቸው፣ አንዴም ሁለተኛውን ሲቆርጡት ስለሚታይ በየመስኮቱ ማብራሪያ ያስጠይቃል። አራተኛው የአባትን ስም ወደ መካከለኛው ስም ማለትም ወደ «ሚድል ኔም» ቦታ አዛውሮ የባልን ስም በመጨረሻ ማስገባት ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ሙሽራዪቱ «ሰላም ታደሰ ከበደ» ስትባል አሜሪካዊው ሚስትነቷን በመጨረሻው ስም ያነባል፤ ኢትዮጵያዊው ደግሞ ሰላም የታደሰ ልጅ መሆኗን በትክክል አንብቦ የሚሳሳተው በአያቷ ስም ላይ ብቻ ነው። ለመለወጥ ለቆረጠች ሴት ከሁሉ የሚሻለው ይህ አራተኛው መንገድ ነው፤ ለመለወጥ ላልቆረጠች ደግሞ የመጀመሪያው ምንም እንከን የለበትም።

የጋብቻ ፈቃዱና ምስክር ወረቀቱ

በአሜሪካ ጋብቻ የሚመዘገበው በክፍለ ግዛት ሕግ እንጂ በፌዴራል ሕግ ስላልሆነ፣ ተጋቢዎቹ ከሠርጉ በፊት ከካውንቲው ጸሐፊ ወይም ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሰው ከፈረመበት በኋላ ፈቃዱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሶ ሲመዘገብ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሁለቱን ሰነዶች መለየት አስፈላጊ ነው፤ ፈቃዱ ለመጋባት የሚያበቃ ሲሆን ስም ለመለወጥ የሚያገለግለው ግን ምስክር ወረቀቱ ነው። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ እንዳለውም መታወስ አለበት፤ በቨርጂኒያና በኒውዮርክ 60 ቀን፣ በካሊፎርኒያ 90 ቀን ነው።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተክሊል ወይም በመስጊድ ኒካህ የፈጸሙ ጥንዶች ከሃይማኖት ተቋሙ የሚሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሄዱ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ያማረ ማኅተም ቢኖረው ለስም ለውጥ አያገለግልም፤ ካህኑ ወይም ኢማሙ በመንግሥት ፈቃዱ ላይ መፈረሙና የተፈረመው ፈቃድ በጊዜው መመለሱ መረጋገጥ ይኖርበታል። በአንዳንድ ቦታ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሰው አስቀድሞ መመዝገብ ስላለበት፣ ይህን ከሠርጉ ቀን በፊት መጠየቅ ከሠርጉ በኋላ ከመሯሯጥ ያድናል።

አዲሱ ስም የሚመረጥበት ጊዜ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ በ2007 የወጣውና ከ2009 መግቢያ ጀምሮ የሚሠራበት የስም እኩልነት ሕግ፣ ሚስትም ሆነች ባል በጋብቻው ምክንያት የሚይዙትን መካከለኛና የመጨረሻ ስም በፈቃዱ ማመልከቻ ላይ እንዲያሰፍሩ ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ያልተጻፈ ስም ግን በኋላ በማሻሻያ ሊገባ ስለማይችል፣ ሐሳቧን የለወጠች ሙሽራ የፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ግድ ይሆንባታል። የኒውዮርክ ማመልከቻም እንዲሁ ለአዲሱ ስም የተለየ ቦታ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ በሌላቸው ክፍላተ ግዛት የምስክር ወረቀቱ የሁለቱን ተጋቢዎች የቀድሞ ስም ብቻ ይይዝና፣ አዲሱ ስም በመጀመሪያ በታወቀበት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ይጸናል። የአባቷን ስም ወደ መካከለኛው ቦታ ለማዛወር የምትፈልግ ሙሽራ በተለይ በዚህ ላይ መጠንቀቅ አለባት፤ መካከለኛ ስም መለወጥን በጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ የማይቀበል መሥሪያ ቤት ሊያጋጥማት ስለሚችል፣ በፈቃዱ ላይ ማስጻፍ የሚቻልበት ቦታ ከሆነ ማስጻፉ ይመረጣል። ይህ መብት ለሴቶች ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነም በዚሁ ይታወቅ፤ ባል የሚስቱን ስም መውሰድ ይችላል፣ ምንም እንኳ የሚያደርጉት ጥቂቶች ቢሆኑም።

ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ የተረጋገጡ ቅጂዎች፣ ማለትም የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎች፣ ቢያንስ ሦስት ማውጣት ይገባል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ዋናውን በፖስታ ተቀብለው ለሳምንታት ስለሚያቆዩት፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት አመልካች ሌላውን ጉዳይ ሁሉ አቁማ ለመጠበቅ ትገደዳለች፤ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ተቀባይነት የለውም። ቅጂዎቹ ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሳይርቁ ፊደል በፊደል መነበብ አለባቸው፤ እዚያው የተገኘ ስሕተት በቀላሉ ይታረማል።

ጋብቻው በኢትዮጵያ የተፈጸመ ከሆነ ሁኔታው ይለያል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የተጋቢዎቹን ስም ከነአባትና ከነአያት ከመያዙ በስተቀር ከጋብቻ በኋላ ስለሚያዝ አዲስ ስም የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ሰነድ ብቻ ስሟን ለመለወጥ የሄደች ሴት በአንዱ መሥሪያ ቤት ተቀባይነት አግኝታ በሌላው ተጨማሪ ሰነድ ልትጠየቅ ትችላለች። አስተማማኙ መንገድ በምትኖርበት ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የስም ለውጥ ትእዛዝ ማውጣት፣ ወይም ዜግነት ለማግኘት የቀረበች ከሆነ በዚያ አጋጣሚ መጠቀም ነው።

መሥሪያ ቤቶቹ በምን ቅደም ተከተል?

ቅደም ተከተሉ ከሶሻል ሴኩሪቲ መጀመር አለበት፤ ምክንያቱም መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት የየክፍለ ግዛቱ ቢሮዎችም ሆኑ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ስምን የሚያመሳክሩት ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ነው። የሚሞላው ቅጽ «ኤስኤስ-5» ይባላል፤ ከቅጹ ጋር የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የማንነት ማስረጃና ዜጋ ላልሆኑት የኢሚግሬሽን ሰነድ በዋናው ይቀርባል። አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ቁጥሩም አይለወጥም፤ የሚለወጠው በካርዱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። አንድ ሰው በዓመት ከ3፣ በዕድሜው ሙሉ ደግሞ ከ10 በላይ ምትክ ካርድ ማውጣት እንደማይችል ቢደነገግም በሕጋዊ የስም ለውጥ የሚወጣ ካርድ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዓመታዊ ግብር በሚታወቅበት ወቅት ለውጡ ገና ያልተመዘገበላት ሴት ያገባች ብትሆንም በቀድሞ ስሟ ማሳወቅ ይኖርባታል፤ በግብር ቅጹ ላይ ያለው ስም ከሶሻል ሴኩሪቲው ካልተመሳሰለ የሚመለሰው ገንዘብ ይዘገያል።

መንጃ ፈቃዱ ቀጥሎ ይመጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ኢትዮጵያውያን «ዲኤምቪ» ወይም በሜሪላንድ «ኤምቪኤ» ወደሚሉት ቢሮ ከመሄዳቸው በፊት የሶሻል ሴኩሪቲው ለውጥ በኮምፒዩተር እስኪደርስ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ ይጠቅማል። ከግንቦት 2025 ወዲህ በአገር ውስጥ በረራ የሚጠየቀውን ሪል አይዲ የተባለውን መታወቂያ ለማውጣት ከልደት ወይም ከኢሚግሬሽን ሰነዱ ላይ ካለው ስም እስከ አሁኑ ስም ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ለውጥ በሰነድ ማያያዝ ግዴታ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያገባች ሴት የሁለቱንም ጋብቻና የመካከሉን ፍቺ ወረቀት ይዛ መቅረብ ያለባት ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላት ሴት የምትሞላው ቅጽ እንደ ጊዜው ይወሰናል። ፓስፖርቱ ከወጣና ስሟ ከተለወጠ አንድ ዓመት ካልሞላው በ«ዲኤስ-5504» ቅጽ ያለ ክፍያ ይተካላታል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን ለመደበኛ እድሳት የሚያገለግለውን «ዲኤስ-82» ከጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ጋር በመላክ 130 ዶላር ትከፍላለች። የጫጉላ ጉዞ ያሰቡ ሙሽሮች ቲኬቱ የሚቆረጠው በፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም እንጂ በሚመኙት ስም እንዳልሆነ ማሰብ አለባቸው፤ ጉዞው ቅርብ ከሆነ ለውጡን ከመልስ በኋላ ማድረግ ነው።

ገና ዜግነት ያላገኘች ሴት ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። የስም ለውጥ ግሪን ካርድን ለመተካት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን የሚሞላው ቅጽ «አይ-90» ነው፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ተመን በኢንተርኔት ሲቀርብ 415፣ በወረቀት ሲቀርብ 465 ዶላር ያስከፍላል። ለዜግነት ለማመልከት ጥቂት ወራት የቀራት ሴት ግን ይህን ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ብታስብበት ይሻላል። ግሪን ካርድ ከያዘች አምስት ዓመት፣ ወይም ከዜጋ ባሏ ጋር እየኖረች ሦስት ዓመት የሞላት አመልካች፣ ጊዜው ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረውም ጭምር፣ «ኤን-400» የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ማስገባት ትችላለች፤ ይህ ቅጽ ስሟን መለወጥ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ለዚህም የተለየ ክፍያ የለበትም። በጋብቻ የተገኘ ስም ከሆነ ምስክር ወረቀቱን በማቅረብ ብቻ በዜግነት ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ከጋብቻ ውጭ ያለ ለውጥ፣ ለምሳሌ በመግቢያ ጊዜ የተዛባ የፊደል አጻጻፍን ማስተካከል ወይም የጠፋውን የአባት ስም መመለስ፣ በዳኛ ፊት በሚፈጸም የመሐላ ሥነ ሥርዓት ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጸናል፤ እንዲህ ያለው ሥነ ሥርዓት በየቦታው ስለማይዘወተር ግን ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዓመታት በፊት በአንድ ቅጽ ላይ የተዘበራረቀ ስማቸውን ያስተካከሉት በዚህ በር ገብተው ነው።

ባንክ፣ ቀጣሪ፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመራጭነት ምዝገባና የስልክ ደንበኝነት ከዚህ በኋላ አዲሱን መታወቂያ በማሳየት ብቻ የሚለወጡ ስለሆነ ዝርዝር አያስፈልጋቸውም። በሙያ ፈቃድ ለሚሠሩት ግን፣ በተለይ በኢትዮጵያ ተምረው በአሜሪካ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ለሆኑት፣ የዩኒቨርሲቲ ማስረጃቸው በቀድሞ ስማቸው የሚቀር በመሆኑ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከዲፕሎማው ጋር በአንድ አቃፊ ማኖር ይበጃል።

በኢትዮጵያ በኩል የሚቀረው ጉዳይ

የስም ለውጡ በአሜሪካ ሲጠናቀቅ በኢትዮጵያ ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ አሠራር ጋብቻ በራሱ ስም አይለውጥም፤ ስም የሚለወጠው በፍርድ ቤት ሲፈቀድ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛ በአሜሪካ የምትኖር ሴት ግሪን ካርዷ በባሏ ስም፣ ፓስፖርቷ በአባቷ ስም ሆኖ ይቀጥላል። እንዲህ ያለች መንገደኛ ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ ስትበር ቲኬቷን በፓስፖርቷ ስም ማስቆረጥ፣ ስትመለስ ግሪን ካርዷን ስለምታሳይ ደግሞ ሁለቱን የሚያያይዘውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት በእጅ ቦርሳዋ መያዝ ይኖርባታል፤ በተመዘገበ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ ማስረጃ በመፈተሻው ላይ አይረዳም።

የአሜሪካ ዜግነት ያገኘች ሴት በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ስታወጣ የአሜሪካ ፓስፖርቷ በባሏ ስም፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ወይም የልደት ወረቀቷ በአባቷ ስም ስለሚሆን፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ማቅረብ አለባት። የቀድሞውን ፓስፖርት መጣል እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን የቀድሞውን ስም ከባለቤቱ ፎቶግራፍ ጋር የያዘ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ ከባዱ የንብረትና የውርስ ጉዳይ ነው። በስሟ የቤት ካርታ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የአክሲዮን ድርሻ ያላት ሴት ከአሜሪካ ሆና ለወንድሟ ወይም ለእኅቷ ውክልና ስትልክ፣ ውክልናው በአዲሱ ስሟ ከተዘጋጀ በካርታው ላይ ያለችው ሰላም ታደሰ በውክልናው ላይ ካለችው ሰላም ከበደ ጋር አንድ መሆኗን ውልና ማስረጃ የሚጠይቅ ይሆናል። ለዚህ የሚበጀው ውክልናው በሚዘጋጅበት ጊዜ የቀድሞውም ሆነ የአሁኑ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጣምረው እንዲጻፉ ማድረግና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አያይዞ ማስረጋገጥ ነው። የአሜሪካ ሰነድ በኢትዮጵያ ተቀባይነት እንዲያገኝ በተለምዶ የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው፤ ሰነዱ ከወጣበት ክፍለ ግዛት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በዋሽንግተን ከኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም በአዲስ አበባ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ያገኛል። በጥድፊያ ጊዜ ይህን መጀመር አድካሚ ስለሆነ አንድ የተረጋገጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከወዲሁ በዚህ መንገድ አሳልፎ ማስቀመጥ ይመከራል።

ውርስን በተመለከተ የአባት ስም በኢትዮጵያ የሚሠራው ሥራ ከመጠሪያነት በላይ ነው። ወላጅ ሲሞት ልጆች ወራሽነታቸውን ከፍርድ ቤት ሲያስወስኑ፣ ከስማቸው ቀጥሎ የሟቹ ስም መጻፉ በራሱ ዝምድናቸውን ያመለክታል፤ ወንድሞቿ «ታደሰ» ተብለው እርሷ «ከበደ» ተብላ የቀረበች እኅት ግን ልጅነቷን በልደት ምስክር ወረቀት ወይም በምስክሮች ማስረዳት ሊኖርባት ነው። መብቷ አይጠፋም፣ ሥራው ግን ይበዛል፤ ቤተሰቡ ሰላም ያልሆነ ከሆነ ደግሞ ይህች ትንሽ ክፍተት ለክርክር በር ትከፍታለች። የአባትን ስም በመካከል ማቆየት የሚለው ምክር ከስሜት ይልቅ በዚህ ተግባራዊ ምክንያት ላይ የቆመ ነው።

ልጆች የሚወለዱበትም ጊዜ ሌላ ውሳኔ ይጠይቃል። በአሜሪካ ልማድ ልጁ የአባቱን «ላስት ኔም» ሲወስድ፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የዳዊት ልጅ ሊያ «ሊያ ከበደ» ትሆናለች፤ በኢትዮጵያ አጠራር ግን «ሊያ ዳዊት» ልትሆን ይገባት ነበር። የዳዊትን ስም በመካከል አስገብቶ «ሊያ ዳዊት ከበደ» ማለት ለሁለቱም አገር ትክክል የሆነ፣ ምንም ነገር የማያዛባ ስም ይሰጣል። እናቲቱ ስሟን ሳትለውጥ ከልጆቿ ጋር ድንበር በምትሻገርበት ጊዜ ስሟ ከልጆቹ ስም ስለሚለይ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን መያዝ ብልህነት ነው፤ ይህን አንድ ወረቀት ለመቀነስ ብቻ ስም መለወጥ ግን ተመጣጣኝ አይመስልም።

ትዳሩ በፍቺ ቢያበቃ የቀድሞውን ስም መመለስ የሚቀለው በፍቺው ውሳኔ ውስጥ እንዲጠቀስ ሲጠየቅ ነው። በውሳኔው ያልሰፈረ እንደሆነ በአንዳንድ ክፍላተ ግዛት የተለየ አቤቱታ፣ ክፍያና አንዳንዴም በጋዜጣ ማስታወቅ ስለሚያስከትል፣ ጠበቃ ያላት ሴት ይህን ጥያቄ በማመልከቻው ላይ እንዲያስገባላት አስቀድማ ማሳሰብ አለባት። ከዚያም ከሶሻል ሴኩሪቲ ተነሥቶ እስከ ባንክ ድረስ ያለው ጉዞ እንደገና በዚያው ቅደም ተከተል ይደገማል።

የአባቷን ስም እንደያዘች ለመኖር የወሰነች ሙሽራ ከላይ ከተዘረዘሩት ቅጾች አንዱንም መሙላት አይጠበቅባትም፤ ለባለትዳርነቷ ማስረጃው የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ብቻ ነው።